ሠራተኛው ሲደላው ሥራው ይሰምራል



ጎበዝ ገበሬ በሬውን ቀኑን ሙሉ ጠምዶ አያውለውም። ሲደክም ይፈታዋል፤ ያበላዋል፤ ያጠጣዋል። ነገም እርሻ አለና! ሰውስ?

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች እዚያ ልብስ መስፋት ተማሩ። ዳሩ ግን ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለቀለብ አልበቃ ሲላቸው ብዙዎቹ ሥራውን ለቀው ሄዱ። የተጎዱት እነሱ ብቻ አይደሉም። አንዷ በሄደች ቁጥር ፋብሪካው ሌላ ይቀጥራል፤ ከ«ሀ» ጀምሮ ያስተምራል። አዲስ እጅ ደግሞ ይዘገያል፤ ጨርቅም ያበላሻል። ልብሱ በቀኑ ካልደረሰ ገዢው ይሸሻል፤ አገራችንም የውጭ ምንዛሪ ታጣለች።

ደመወዝም ዕረፍትም የሠራተኛ ስንቅ ናቸው። ማረፍ ስንፍና አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ለወላድ እናትም ከወሊድ በፊትና በኋላ በድምሩ 120 ቀን ከነደመወዟ ይፈቅዳል።

እናንተ አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። በአውራ ጣት መፈረም ቀረ! የሥራ ውላችሁን አንብቡ፤ እነዚህን ቁጥሮች ፈልጉ፤ ከዚያ ፈርሙ። አሠሪዎችም አንብቡ፤ የዛለ እጅ ትርፍ አያመጣም።

ደህና ሁኑ።