ከ«ዱን» የመጨረሻ ፊልም ምን እንጠብቃለን?



ዴኒ ቪልነቭ «ዱን» የተባለውን ልብ ወለድ በ2021 እና በ2024 እ.ኤ.አ. በሁለት ክፍል ለሲኒማ አቅርቦታል። የእርሱ የመጨረሻ የሚሆነው ሦስተኛው ክፍልም ለታኅሣሥ 2026 እ.ኤ.አ. ቀን ተቆርጦለታል። እኛ ወዳጆቹም ተስፋችንን ልንገልጽ ወደድን።

ከመካከላችን ጦርነቱንና ግዙፉን የአሸዋ ትል ለማየት ብቻ የሚጓጓ አለ፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ፍራንክ ኸርበርት በ1965 የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሲያወጣ ብዙ አንባቢ ፖል አትሬይዲስን አዳኝ ነው ብሎ ተቀበለው። ደራሲው ግን በ1969 ባወጣው ተከታይ መጽሐፍ፥ በዚሁ ጀግና ስም በተካሄደው ጦርነት 61 ቢሊዮን ሰው ማለቁን ራሱ ፖል እንዲናገር አደረገ።

ስለዚህ ተስፋችን ሁለት ነው። አንደኛ፥ ያ ቁጥር በአፍ ተጠርቶ ብቻ እንዳይታለፍ፤ የሞቱትም ፊት እንዲኖራቸው ነው። ሁለተኛው የቻኒ ነገር ነው። በመጽሐፉ ከፖል ጎን ሳትለይ ትኖራለች፤ በ2024ቱ ፊልም ግን ሌላው ሲንበረከክ እርሷ ሳትንበረከክ ትታው ሄደች። ይህች «እምቢ» ባይ በፍቅር ስም ተመልሳ ዝም እንዳትል እንመኛለን።

መብራቱ ሲበራ ለጀግናው ከማጨብጨባችን በፊት ጥቂት ካመነታን፥ ያን ጊዜ ፊልሙ ሥራውን ሠርቷል እንላለን።