ለፕሮግራም ከሥራው በላይ ሥልጣን ስላለመስጠት



በየመሥሪያ ቤታችሁ ገንዘብ ያዡ ካዝናውን፣ መዝገብ ቤቱ ፋይሉን ይጠብቃል፤ የአንዱ ቁልፍ በሌላው እጅ አይገኝም። ይህም የሆነው ሠራተኛው ሁሉ አይታመንም ተብሎ ሳይሆን፣ ታማኙም ሰው ሊታለል ስለሚችል ነው። ይኸው ሥርዓት በጠረጴዛችሁ ላይ ላለው ኮምፒዩተርም ያስፈልጋል።

በኮምፒዩተር ውስጥ ከርነል የሚባል የሥርዓቱ እምብርት አለ። ፋይል ለመክፈት ወይም መልእክት ለመላክ የሚሻ ፕሮግራም ሁሉ ከርነሉን መጠየቅ ግዴታው ነው። ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት የጥያቄው ዓይነት ከ300 ይበልጣል። ሥዕል ለሚያሳይ ፕሮግራም ግን ጥቂቶቹ ይበቁታል። ተንኰለኛ ሰው በሥዕሉ ውስጥ መርዝ ደብቆ ቢልክ፣ የተታለለው ፕሮግራም በተረፈው ሥልጣን ደብዳቤያችሁን ለባዕድ አሳልፎ ይሰጣል፤ ከዚያም ብሶ ከርነሉ ራሱ እንከን ቢኖርበት መላው ኮምፒዩተር በጠላት እጅ ይወድቃል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው፣ የከርነልን እንከን ለሚያገኙ ባለሙያዎች ባዘጋጀው ሽልማት ከቀረቡት ማስረጃዎች 60 በመቶው አዮ ዩሪንግ በሚባል በአንድ ክፍል በኩል የተገኙ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ሊኑክስ የገባው ሴክኮምፕ የተባለ ዘዴ፣ ቀድሞ ከተከፈተ ፋይል ማንበብን፣ መጻፍን፣ ሥራ መጨረስንና ከምልክት መመለስን ብቻ ይፈቅድ ነበር፤ ከ4ቱ ውጭ የጠየቀ ፕሮግራም ወዲያው ይገደላል። እንዲህ ያለውን የባሕታዊ ኑሮ የሚችል ፕሮግራም ጥቂት ነውና፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ፕሮግራም ሠሪው የሚፈቀደውን ራሱ እንዲዘረዝር ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አንድሮይድ 8 ማጣሪያውን በስልኩ መተግበሪያዎች ሁሉ ላይ አደረገ።

ለእኔ ግን ይበልጥ የሚያምረኝ ኦፕን ቢኤስዲ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ፕሌጅ፣ ማለት ቃል መግባት፣ የተባለው ነው። ፕሮግራሙ የሚያስፈልገውን አስቀድሞ ይከፍትና፣ «ከእንግዲህ ከዚህ አላልፍም» ብሎ ለከርነሉ ቃል ይገባል። ሥልጣኑን ከዚያም በላይ ሊቀንስ ይችላል፤ የተወውን መልሶ ሊወስድ ግን አይችልም። ቃሉን ካፈረሰ ይገደላል። ስለዚህ ኋላ የሚያታልለው ሰው ቢመጣ፣ ከባዶ እጅ ምን ይወስዳል?

ጥብቅነቱ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 ብዙ የሊኑክስ ፕሮግራሞች የሚጋሩት ጂሊብሲ፣ ክሎን3 የተባለ አዲስ ጥያቄ መጠቀም ጀመረ። አሮጌው የዶከር ማጣሪያ ይህን ስም አያውቀውም ነበርና፣ አንዳች ያላጠፉ ፕሮግራሞች ተሰናከሉ። እንግዲህ ለመሥሪያ ቤታችሁ ፕሮግራም ሲገዛ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት፤ ፕሮግራሙ የትኛውን ሥልጣን ትቶ እንደሚሠራ፣ ዝርዝሩንም ማን በየጊዜው እንደሚያድሰው።