ካባ ለባሹ ዳክዬ

እሱ፦ ዛሬ የምናነሳው ዳርክዊንግ ዳክን ነው። የዲዝኒው ካርቱን በቴሌቪዥን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ የጃፓኑ ካፕኮም በዓመቱ ለባለ 8 ቢቱ ኒንቴንዶ ጌም አድርጎ አወጣው።

እሷ፦ በመጥፎ ሰዓት! ባለ 16 ቢቱ ሱፐር ኒንቴንዶ አሜሪካ ገበያ ከገባ ወራት አልፈዋል። የልጁ ሁሉ ዓይን አዲሱ ላይ ነው፤ የአሮጌውን ካሴት ማን ዞር ብሎ ይየው?

እሱ፦ ያየው ግን አልተቆጨም። ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቁልፍ ሲጫኑ ዳክዬው በካባው ይከለላል፤ የተተኮሰበትም ነጥሮ ይመለሳል። ከጋዝ ሽጉጡ ጥይቶች አንዱ ቀስት ነው፦ ግድግዳ ላይ ይሰካና መወጣጫ ይሆናል።

እሷ፦ ይኼ ሜጋ ማን አይደል እንዴ?

እሱ፦ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱንም የሠራው ካፕኮም ነው። እንደ ሜጋ ማን ሁሉ እዚህም ተጫዋቹ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ደስ ባለው ይጀምራል።

እሷ፦ እኔ ግን ትዝታ ያጋንናል ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 ካፕኮም ይህንንና ዳክ ቴልስን ጨምሮ 6 የዲዝኒ ጌሞችን በአንድ ጥቅል ሲያወጣ፣ ጨዋታውን ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍ ጨመረበት። ያን ያህል ግሩም ከነበረ ስህተትን መሰረዝ ምን አስፈለገ?

እሱ፦ ያኔ ከሰዓቱ ሙሉ የእሱ የነበረ ልጅ ዛሬ ራሱ ልጆች ያሳድጋል፤ ጊዜ የለውማ! የማይፈልግ አይጫነው።

እሷ፦ እንግዲያው አንተ ያለ ቁልፉ፣ እኔ በቁልፉ። የመጨረሻው ባላንጣ ስቲልቢክ ጋ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ እናያለን።