ሽርክናው መቼ ይጻፍ? መቼስ ማኅበር ይሁን?



ዛሬ ንግድ የሚጀምሩ ወንድሞችና እህቶች ደጋግመው የሚያነሱትን ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ድርጅታችንን በሕግ የምናቋቁመው መቼ ነው?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዓረብ ሀገር ሠርታ ያጠራቀመች እህት ለወንድሟ ገንዘብ ትልካለች። እርሱም በገንዘቧ መርካቶ ውስጥ ልብስ መሸጥ ይጀምራል። ፈቃዱም የኪራይ ውሉም በእርሱ ስም ነው። «የአንድ እናት ልጆች ነን፤ ምን ወረቀት ያስፈልገናል?» ይባባላሉ። ወንድም ድንገት ወደ አኼራ ቢሄድስ? ሱቁ በሙሉ የእርሱ ውርስ ተደርጎ ይቆጠራል። እህት ሐቋን የምታስረዳበት የላትም። የቲሞቹም የሌላ ሰው ገንዘብ ሳያውቁ ይበላሉ።

አላህ (ሱ.ወ) በቁርኣን ረጅሟ አንቀጽ፣ በሱረቱል በቀራህ 282፣ የጊዜ ገደብ ያለው ዕዳ በምስክሮች ፊት እንዲጻፍ አዟል። እጅ በእጅ የሚደረግ ንግድ ባይጻፍ ግን ወንጀል እንደሌለበት ገልጿል። ስለዚህ ሁሉም በጊዜው ነው።

አንደኛ፣ ገንዘብ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ስምምነቱ ይጻፍ። አንዱ ገንዘብ ሌላው ሥራ ካዋጣ ሙዷረባ ነው። ትርፉ በተስማሙበት ድርሻ ይከፈላል፤ ያለ ጥፋት የመጣ ኪሳራ በገንዘቡ ባለቤት ላይ ይወድቃል፤ ሠራተኛውም ድካሙን ያጣል።

ሁለተኛ፣ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ከመጀመሪያው ሽያጭ በፊት ይውጣ።

ሦስተኛ፣ ዱቤ መውሰድ፣ ሠራተኛ መቅጠር ወይም ሌላ ሸሪክ ማስገባት ሲታሰብ፣ ውሉ ሳይፈረም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ይቋቋም። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ይህን ለአንድ ሰው ጭምር ፈቅዷል። ማኅበሩ ሲመዘገብ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ያገኛል። የእያንዳንዱ ድርሻ ተለይቶ ይታወቃል፤ በማኅበሩ ዕዳም በመርህ ደረጃ የአባላቱ ቤትና ንብረት አይነካም።

ሆኖም ሐሳብ ብቻ ይዞ ለማኅበር መሮጥ አያስፈልግም። ሽያጭ ባይኖርም ሒሳብ መያዝና ለግብር ማሳወቅ ይከተላል። መዝጋቱም ከመክፈቱ ይከብዳል።

በመጨረሻም፣ የተወሰነ ኃላፊነት ዕዳ መካጃ አይሁን። ፍርድ ቤት ያላስከፈለን ሐቅ በአኼራ ይጠየቃል። ዛሬ ማታ ከሸሪካችሁ ጋር ተቀመጡ፤ በአላህ ስም ብላችሁ ጻፉ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።