ቁልፉን ሰጡን፣ ሒሳቡን ደበቁን!

(ይህ ጽሑፍ አንድ ነፃ ጋዜጠኛ በአዲስ አበባ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያደረገው ንግግር ነው። ተሰብሳቢዎቹ በጽሑፍ እንዲወጣላቸው ስለጠየቁ ብዙም ሳንነካካው አቅርበነዋል። - ዝግጅት ክፍሉ)



ሊቀመንበሩ «ስለ ቤት ወጪ ተናገርልን» ሲሉኝ ትንሽ አመነታሁ። እናንተ በየወሩ ከኪሳችሁ እየከፈላችሁ የምታውቁትን እኔ ምን ብዬ ልነግራችሁ ነው? ኋላ ሳስበው ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ሁሉም የየራሱን ደረሰኝ ያውቃል እንጂ ደረሰኞቹን አንድ ላይ አስቀምጦ የደመራቸው የለም። ዛሬ የመጣሁት ለመደመር ነው። (መቼም ይህች ቃል በዚህ ዘመን ሌላ ትርጉም እንዳላት አውቃለሁ፤ እኔ ግን የሒሳቡን መደመር ማለቴ ነው!)

ወገኖቼ፣ ይኼ የኮንዶሚኒየም ነገር ሲጀመር እንዴት እንደነበር የምታስታውሱ አላችሁ። በ1997 ዓ.ም. በተካሄደው ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተሰለፈ። በ2005 ደግሞ «እንደገና ተመዝገቡ፣ ቆጥቡ» ተባለ። ስንቱ ነው ከልጁ አፍ ነጥቆ በየወሩ ባንክ ያስገባው? ስንቱስ ነው ዕጣው ሳይወጣለት ያረፈው? ዕጣው ራሱ ጉድ አያልቅበትም። በሐምሌ 2014 ከ25 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ቤቶች ዕጣ ወጣ ተብሎ እልል ከተባለ በኋላ የመረጃ ማጭበርበር ተገኘበት ተብሎ ተሰረዘ፤ ኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። እልል ብሎ ጎረቤቱን ቡና ጠርቶ ያበቃ ሰው ምን እንደተሰማው እስቲ አስቡት!

እንግዲህ በዚህ ሁሉ አልፎ ቁልፍ የጨበጠ ሰው «ተገላገልኩ» ቢል ይፈረድበታል? ከቤት አከራይ ግልምጫ ተገላገልኩ፣ «መብራት አጥፉ፣ እንግዳ አታብዙ» ከመባል ተገላገልኩ፣ በዓመት ሁለቴ ኪራይ ከሚጨምር ሰው ተገላገልኩ ይላል። እውነቱን ነው። ውል ሲፈርምም የቤቱ ዋጋ፣ ቅድሚያ ክፍያው፣ የባንኩ ወለድ፣ የወር ክፍያው ሁሉ በቁጥር ተነግሮታል። ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ግን ትንፍሽ ያለለት የለም። በዓመት ስንት ግብር? ለጋራ አገልግሎት ስንት? ውሃው አምስተኛ ፎቅ ይወጣል ወይስ አይወጣም? ዝም!

መጀመሪያ የሚመጣው ፊኒሺንግ የሚሉት ነው። ብዙዎቻችሁ የተረከባችሁት ቤት ሳይሆን የቤት አጽም ነው። ወለሉ ያልተነጠፈ፣ የውስጥ በር የሌለው፣ መታጠቢያው ቦታው ብቻ የታየ። ይህን ስለምታውቁት አልቆይበትም። የሲሚንቶና የሴራሚክ ዋጋ ባለፉት ዓመታት የት እንደደረሰ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ወደ መብራቱ ልለፍ። እዚህ ላይ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር አለ። ግቢ ቤት ተከራይተን ስንኖር እንጀራው በማገዶ፣ ወጡ በከሰል ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሰል ይዘህ የት ትገባለህ? ስለዚህ ሁሉም ነገር ወደ ቆጣሪው ገባ። እስቲ አብረን እናስላ። የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይጎትታል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብትጋግሩ በወር 28 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አንድ ኪሎ ዋት ተኩል የሚፈጅ ምድጃ በቀን ሁለት ሰዓት ቢበራ 90። ፍሪጁ 30 ቢሆን፣ አምፖሉና ቴሌቪዥኑ 15። ድምሩ 163 መጣ። የልብስ ካውያና የሻወር ማሞቂያ ገና አልገቡም!

ታዲያ የመብራት ታሪፍ እንደምታውቁት ደረጃ ደረጃ አለው። ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር ዋጋው እየወጣ ይሄዳል። በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ በጨመረው ታሪፍ፣ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤተሰብ ዋጋው 27 ሳንቲም እንደነበረ ቆየ፤ ከ500 በላይ ለሚጠቀም ግን ከ2 ብር ከ40 ሳንቲም በላይ ደረሰ። «ድሃውን ደጉመናል» ሲሉ የነበሩት ያቺን የ50 ደረጃ ይዘው ነው። እኔ የምጠይቀው፣ በኮንዶሚኒየም ውስጥ በመብራት እንጀራ ጋግሮ ከ50 በታች የሚኖር ቤተሰብ ካለ ያሳዩኝ ነው። ድጎማው ያለው ለማይጋግር ሰው ነው ማለት ነው! ያ አልበቃ ብሎ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ አራት ዓመት የሚሄድ ሌላ ታሪፍ መጣ። በ2016 የወጣው አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅም ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነውን መብራትና ውሃ 15 በመቶው ውስጥ ከተተው።

ውሃውን እንተወው ብል ደግሞ እዚያ ከኋላ የተቀመጡት እትዬ ይቆጡኛል። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ሌሊት ነው፤ ግፊቱ ደግሞ ላይኛው ፎቅ አያደርስም። ስለዚህ ሮቶ ይገዛል፣ ዲናሞ ይገዛል። ዲናሞው የሚሠራው በመብራት ነው፣ መብራቱም የሚቆጥረው በጋራው ቆጣሪ ነው። የጋራው ሒሳብ ካልተከፈለ መብራቱ ይቆረጣል፤ መብራቱ ከተቆረጠ ዲናሞው ይቆማል፤ የራሱን ሒሳብ በሰዓቱ የከፈለው የአራተኛ ፎቅ ሰውዬም ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ ይቆጥራል። ሊፍት ያላቸው የ40/60 ሕንፃዎች ውስጥ ያሉትማ ሊፍቱ ሲበላሽ መዋጮው በምን ስሌት እንደሚከፈል ገና እየተጨቃጨቁ ነው፤ አንደኛ ፎቅ ያለው «እኔ በእግሬ ነው የምወጣው» ይላል። እሱም እውነት አለው።

የማኅበር መዋጮ ላይ ግን አንድ ነገር ልናገር፣ አትቀየሙኝ። የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራውን ነገር፣ ማለትም ደረጃውን፣ ጣሪያውን፣ ግቢውን፣ የፍሳሽ መስመሩን የማስተዳደሩን ሥራ ለባለቤቶቹ ማኅበር ነው የሰጠው። መንግሥት ሕንፃውን ሠርቶ ሲያስረክብ ጥገናውንም አብሮ አስረክቦናል። ጥበቃው፣ ጽዳቱ፣ የፍሳሽ መጣጩ መኪና፣ የሚያፈስ ጣሪያ ሁሉ የኛ ነው። ይህን መዋጮ ኮሚቴው ይበላዋል ብሎ ከመጠርጠር ሒሳቡን በየሦስት ወሩ ግድግዳ ላይ ለጥፉ ማለት ይሻላል። ኮሚቴውም ይለጥፍ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ግብሩ።

ሕዝቡ «የጣሪያና ግድግዳ ግብር» የሚለው ነገር ሥሩ ደርግ ያወጣው የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። በነገራችን ላይ ስሙ ራሱ ያስቀኛል። መሬቱ የመንግሥት ነው ተባልን፣ እሺ አልን፤ ለኛ የቀረን ጣሪያና ግድግዳው ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለ ሰው ግን ጣሪያው የአራተኛው ፎቅ ወለል፣ ግድግዳው የጎረቤቱ ግድግዳ ነው። የቱ ነው የሱ?

ቀልዱን ትተን፣ ያ አዋጅ ግብሩን የሚያሰላው በቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ነው። ቤትህ ቢከራይ በዓመት ስንት ያወጣል ብሎ ይገምትና ከዚያ ላይ ይወስዳል። ለዓመታት ግምቱ የድሮ ስለነበር ሰው ጥቂት ብሮች ከፍሎ ይሄድ ነበር፤ ብዙዎችም መኖሩን ረስተውት ነበር። በ2015 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ግምቱን በአዲስ መልክ አሻሻለው። ወረዳ የሄደ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ እጥፍ ሆኖ ጠበቀው። አስተዳደሩ «አዲስ ግብር አልጣልኩም፣ የቆየውን ግምት ነው ያሻሻልኩት» አለ። እንግዲህ የሕጉን ክርክር ለሕግ ባለሙያዎች ልተወውና እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። በቤቷ ውስጥ ራሷ የምትኖር ጡረተኛ እናት ኪራዩን ከማን ትቀበላለች? ከራሷ? ሳሎኗ ለመኝታ ቤቷ ኪራይ ይከፍላል? ካልተቀበለችው ገቢ ላይ ክፈይ ማለት ላም አለኝ በሰማይ የሚሉት ነው፤ ልዩነቱ ያልታለበችው ላም ግብር መጠየቋ ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ ሌላው መጣ። የንብረት ታክስ የማን እንደሆነ ሕገ መንግሥቱ ለይቶ ስላልጻፈው ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ለክልሎች ሰጡት። በጥር 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጸደቀ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ በከተማችን ክፍያው በ2015 ከፍ አለ፣ ስለ ንብረት ታክስ አዲሱ አዋጅ የወጣው በ2017 ነው! አዲሱ አዋጅ መነሻ የሚያደርገው የኪራይ ግምትን ሳይሆን የንብረቱን የገበያ ዋጋ ሩብ ነው። ለሕንፃ ደግሞ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ይጣልበታል ይላል። አራት ሚሊዮን ብር ያወጣል የተባለ ቤት እንውሰድ። ሩቡ አንድ ሚሊዮን ነው። በዝቅተኛው በዓመት አንድ ሺህ ብር፣ በከፍተኛው አሥር ሺህ ብር ማለት ነው። በአንድ ሺህና በአሥር ሺህ መካከል ያለውን ሜዳ ታዲያ ማን ይወስነዋል? የየከተማው ሹማምንት። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይኼ ነው።

አሁን የምለውን ደግሞ በደንብ ስሙኝ። የ20/80 ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን በተረከበ በአምስት ዓመት ውስጥ እንዳይሸጥ ክልከላ አለበት። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ደላላ እንዳይጫወትበት ነው። ነገር ግን ገበያ እንዳታወጣው የተከለከልከውን ቤት በገበያ ዋጋ ገምቶ ግብር ማስከፈል ምን ይባላል? ወይ ገበያውን ፍቀዱልን፣ ወይ በገበያ ዋጋ አትገምቱን! ይህን ጥያቄ በከተማው ምክር ቤት ውስጥ የሚያነሳልን ተመራጭ ካለ እሰየው፤ እኔ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ይህን ስል ግብር አይከፈል ማለቴ አይደለም። እንደዚያ ብሎ የጻፈብኝ ቢኖር ይህ ወረቀት ምስክሬ ነው። ከተማ ያለ ገንዘብ መንገድ አይሠራም፣ ቆሻሻ አያነሳም። በዓለም ያሉ ትልልቅ ከተሞች በንብረት ግብር ነው የሚኖሩት። ልዩነቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ብዙዎቹ የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ሜሪላንድ በሚባለው ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ነው። እዚያ ቤት የሚሸጥ ሰው፣ ገዢው ውል ከመፈረሙ በፊት የቤቱን ዓመታዊ ግብር ግምት በጽሑፍ እንዲያሳውቀው ሕጉ ያስገድደዋል። ግዛቱ ቤቱን በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይገምታል፤ ግምቱንም በፖስታ ይልክለታል፤ ባለቤቱ ካልተስማማ በ45 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል። ከዚህ ውስጥ ውድ ቴክኖሎጂ የሚጠይቅ ምን አለ? ወረቀትና ቅንነት ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሻጩ ራሱ መንግሥት፣ ግብር ጣዩ ራሱ መንግሥት፣ መብራትና ውሃ አቅራቢውም ራሱ መንግሥት! ሁሉም ቁጥር ያለው በአንድ ቤት ውስጥ ነው። «አላወቅንም ነበር» ሊሉን አይችሉም። ገዢው በፊርማው ቀን «ይህ ቤት በዓመት ይህን ያህል ያስወጣሃል» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ቢሰጠው፣ የሚችለው ይገባል፣ የማይችለው አስቀድሞ ይዘጋጃል። አሁን ግን የማይችለው ምን እያደረገ ነው? ቤቱን አከራይቶ እሱ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ሃያ ዓመት የጠበቀውን ቤት በመስኮት እያየ የሚያልፍ ስንት ሰው አውቃለሁ። ያን ጊዜ ደግሞ የኪራይ ገቢ ግብር ይመጣበታል፤ ይኼኛው እንኳ ቢያንስ በእጁ የገባ ገንዘብ ላይ ነው።

ስለዚህ ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረን አንድ ደብዳቤ አዘጋጅተናል። ጥያቄው አጭር ነው። የእያንዳንዱ ቤት ግምት በምን እንደተሰላ በጽሑፍ ይሰጠን፤ ቅሬታ የሚቀርብበት ቦታና የሚመለስበት ቀን ይነገረን፤ ራሱ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ላለ ጡረተኛና አምስት ዓመቱ ላልሞላው ባለ ዕጣ ምን እንደታሰበ ይገለጽልን። ስድብ የለበትም፣ ፖለቲካም የለበትም። (ፖለቲካ ነው የሚለው አይጠፋም፤ ይበል!)

ደብዳቤው በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስማችሁን፣ የብሎክና የቤት ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ፈርሙ። የዘንድሮውንና የአምናውን የግብር ደረሰኝ ፎቶ ኮፒ የያዘ ሰው ካለ ለጸሐፊዋ ይስጥልን፤ ከደብዳቤው ጋር አያይዘን ሰኞ ጠዋት እናስገባለን።