ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ፦ የመንጋጋ አጥንት ታሪክ ከአሊዩ አምባ ሲታይ

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አሊዩ አምባ የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የመጣ ቅፍለት ጭነቱን የሚያራግፈው ከአንኮበር ግርጌ፣ በዚችው አምባ ነበር። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቻርልስ ጆንስተንም በ1842 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአዳልን በረሃ አቋርጦ ሲመጣ የከረመው እዚሁ ነው። ያን ጊዜ ጥርሱ የታመመ ሰው፣ የአሊዩ አምባ አካባቢ የሆነው የይፋትም ይሁን የለንደን፣ ያለ ማደንዘዣ ጉጠት ይጠብቀው ነበር።

ስለሚቀረው ጉድጓድ ግን ዕውቀት ጨርሶ አልጠፋም። ስኮትላንዳዊው ጆን ሃንተር በ1771 ባሳተመው የጥርስ መጽሐፍ፣ ጥርስ ሲሄድ ይዞት የነበረው የአጥንት ክፍልም እንደሚከስም ጽፏል። የብዙዎች ጭንቀት ግን ሕመሙ ነበር። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1846 የቦስተኑ የጥርስ ሐኪም ዊሊያም ሞርተን በኤተር አደንዝዞ ያለ ሕመም ጥርስ ነቀለ። ከዚያ በኋላ ነው ሐኪሙ ሳይጣደፍ ለመሥራት ፋታ ያገኘው።

ቀጥሎ ትኩረት የሳበው የረጋው ደም ነው። አሜሪካዊው ክሮፎርድ በ1896 ደሙ ከጉድጓዱ ሲወጣ አጥንቱ ተራቁቶ የሚያስከትለውን ብርቱ ሕመም ገለጸ። በ1969 ደግሞ አምለር ከፈቃደኞች ቁስል ናሙና እየወሰደ የፈውሱን ጊዜ ለካ። ደሙ በሳምንት ገደማ ለስላሳ አዲስ ሥጋ ይተካዋል፤ አጥንት ከጉድጓዱ ግርጌና ዳር ይጀምራል፤ 40 ቀን ሲጠጋ ሁለት ሦስተኛውን ይሞላል። የረጋው ደም የአዲሱ አጥንት መነሻ ነው፤ ተጉመጥሙጦ የሚጣል ቆሻሻ አይደለም።

ጉድጓዱ ሞላ ማለት ግን መንጋጋው እንደነበረ ቆየ ማለት አይደለም። ታልግሬን በ1972 ባሳተመችው ጥናት፣ ጥርሳቸውን ሁሉ ያጡና ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያደርጉ ሰዎችን እስከ 25 ዓመት ተከታትላ፣ የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል እንደሚቀንስ አሳየች። የዴንማርኩ የሽሮፕ ቡድን በ2003 በ46 ሰዎች ላይ እንደለካው፣ የአጥንቱ ስፋት በ12 ወር ግማሽ ያህል ጠፍቷል፤ ከጠፋውም ሁለት ሦስተኛው የሄደው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። አራውጆና ሊንድህ በ2005 በውሾች ላይ ባደረጉት ምርምር ምክንያቱን አገኙ፦ በጉንጭ በኩል ያለው ስስ ግድግዳ አብዛኛው ለጥርሱ ሲባል የቆመ አጥንት ነው፤ ጥርሱ ሲሄድ ሥራ ያጣል።

የዛሬ ሐኪሞች ጉድጓዱን በአጥንት ዱቄት ይሞላሉ። ከ2001 ወዲህ ደግሞ የበሽተኛውን ደም በማሽን አሽከርክረው የሚያገኙትን የረጋ ሽፋን ይጨምራሉ። ይህ የአጥንቱን መጥፋት ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያቆመውም። ጥርሱ እንደተነቀለ ወዲያው የሚተከል የቲታኒየም ሥርም ብቻውን አያስቀረውም።

ለይፋት ቆላ ሰው ዋናው ነገር ግን ከዱቄቱ በፊት ይመጣል፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። በልጅነት ሳለ “ግግ” ተብሎ የሕፃን ድድ ተቧጦ የሚወጣው፣ ገና ያልበቀለ የጥርስ ቡቃያ ነው፤ ጉዳቱ ለቋሚው ጥርስም ይተርፋል። ይህ ልማድ ዛሬውኑ መቅረት አለበት። አዋቂው ጥርሱን ሲያስነቅል ደግሞ የጉንጩ ግድግዳ እንዳይሰበር በዝግታና በጥንቃቄ እንዲነቀልለት ይጠይቅ። ፋሻውን ለግማሽ ሰዓት ያህል ነክሶ ይያዝ። በመጀመሪያው ቀን አይጉመጥመጥ፣ በኃይል አይትፋ፤ ለብ ያለ የጨው ውኃ ከማግስቱ ጀምሮ ይበቃዋል። ሲጋራ ለደሙ መርጋት ጠላት ነው። ጫት የሚቅም ሰውም ቁስሉ እስኪሽር ቢተወው ይሻላል፤ በጉንጭ የታጨቀው ቅጠል የረጋውን ደም ይነቅለዋልና።

ወደፊት ጥርስ ማስተከል የሚያስብ ሰው ይህን ለሐኪሙ የሚነግረው ጉጠቱ ከመነሳቱ በፊት ነው። ከ3 ወር በኋላ ቢመጣ ሊጠፋ ከሚችለው አጥንት ብዙው ቀድሞ ሄዷል።