መደቡ በአደባባይ ይታይ!

የቦምቤ ወጣቶች፣ በያላችሁበት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ እህቶችና ወንድሞች!

ለጊፋታ በሬ ስንገዛ እንዴት ነው የምናደርገው? ዓመቱን ሙሉ እናዋጣለን። ስንት እንደተዋጣ ሁሉም ያውቃል። በሬው ታርዶ ሥጋው ሲመደብ ሁሉም ቆሞ ያያል። አንዱ መደብ ካነሰ "ይሄማ አንሷል፣ ጨምርበት" እንላለን። ማንም አይቀየምም።

የወረዳ በጀትስ ከዚህ በምን ይለያል? ግብር የከፈልነው እኛ ነን። ሲመደብ ግን ስንቶቻችን ቆመን አየን?

ታሪካችንን እናውቃለን። የወጋጎዳ መጽሐፍ በመጣ ጊዜ መምህራንና ተማሪዎች ዋጋ ከፍለው ተቃወሙ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ጥሩ! ግን መቀመጫው ቀረበ ማለት ፍትሑ ቀረበ ማለት ነው?

2016ን አስታውሱ። በዞናችን የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ለወራት ዘገየ፤ የተከፈለውም ተቆራርጦ ነበር። ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ የማዳበሪያ ዕዳ ነው። ማዳበሪያ በዱቤ ይመጣል፤ ዕዳው ካልተመለሰ ከበጀት ይቆረጣል። ማዳበሪያ ያልወሰደች አስተማሪ ስለ ዕዳው ምን አገባት? ዕዳውን በጊዜው የከፈለው ገበሬስ ልጁ ለምን ያለ አስተማሪ ይዋል? ማን ምን ያህል እንደወሰደ፣ ማን እንደመለሰ በየቀበሌው ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ገና በጠዋቱ "ኧረ ይሄ ነገር!" ባልን ነበር።

ማኅበራዊ ፍትሕ ማለት ይሄው ነው። ሰው የማያውቀው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ እኩል መታከሙ፣ ዘመድ የሌላት ምሩቅ በውጤቷ መቀጠሯ።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። አንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄድ አገልግሎት እኩል የመጠቀም መብት ይሰጠናል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሥልጣን እስከ ታችኛው እርከን እንዲወርድ ያዛል። ታችኛው እርከን የት ነው? እዚሁ ነው፣ ቦምቤ!

ስለዚህ ምን እናድርግ? ስድብና ድንጋይ አንፈልግም። ምክር ቤቱ በጀት ሲያጸድቅ እንገኝ። የትምህርት ቤታችንን፣ የጤና ጣቢያችንን ድርሻ በጽሑፍ እንጠይቅ። መልሱን ለእናት ለአባቶቻችን በወላይትኛ እናንብብላቸው።

አንድ መራራ እውነት ልጨምር፣ አትቀየሙኝ። ሌላው ሲያዳላ "ሙሰኛ" እንላለን። የእኛ ጎሳ ልጅ በር ሲከፍትልን ግን "ጎበዝ ነው፣ ዘመዱን አይረሳም" ብለን እናመሰግናለን። በዚያ በር አንድ ሰው ሲገባ ተራውን የሚጠብቅ ሌላ የወላይታ ልጅ ውጭ ይቀራል።

ነገ እዚያ ወንበር ላይ የምንቀመጠው እኛው ነን። ዛሬ የምንጠይቀውን ነገ እንጠየቃለን። ያኔም በሬው በአደባባይ ይታረድ፣ መደቡን ሁሉም ይየው!

ሳሮ ለሁላችን!